ድል፣ ማፈግፈግና ምርኮ፤ የጄኔራል ዊሊያም ዲን የጦር ሜዳ ታሪክ

በአገራችን ልማድ የጦር አዛዥ ማለት ከፊት የሚሄድ ማለት ነው። ፊታውራሪ የሚለው ማዕረግ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ዐድዋ ላይ ሲወድቁ፣ ዐፄ ዮሐንስም በ1889 መተማ ላይ ሲመቱ ቦታቸው ከውጊያው መካከል ነበር። መማረክ ደግሞ በዚሁ ልማድ ዘንድ ከሞት የከፋ ነገር ሆኖ ይቈጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ከሁለቱ የትኛውን እንደ መረጡ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ አንድ የክፍለ ጦር አዛዥ ከፊት ሆኖ ተዋግቶ፣ ከተማውን አጥቶ፣ ተማርኮ፣ ሦስት ዓመት በጠላት እጅ ከቈየ በኋላ በሕይወት ወደ አገሩ ቢመለስ ምን ልንለው ነው? ጀግና ነውን? ወይስ ጦሩ ከእጁ የወጣበት አዛዥ?

ይህ ለክርክር ሲባል የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። በኮርያ ጦርነት የአሜሪካን 24ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ያዘዙት ሜጀር ጄኔራል ዊሊያም ዲን ይህ ሁሉ በእውነት ደርሶባቸዋል። በዚያ ጦርነት የኛም ወታደሮች ተሰልፈው ስለ ነበረ የእኒህ ሰው ታሪክ ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

ዲን የተወለዱት በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ካርላይል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦገስት 1 ቀን 1899 ነው። አባታቸው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ዲን ከልጅነታቸው ጀምሮ ወታደርነትን ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን ዌስት ፖይንት ወደሚባለው ስመ ጥሩ የጦር አካዳሚ ለመግባት ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። ስለዚህ በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በተማሪነታቸው ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የመርከብ ጭነት እያራገፉ፣ በበርክሌይ ከተማም ፖሊስ ሆነው እያገለገሉ ራሳቸውን ረድተዋል። በ1922 ተመረቁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በምክትል መቶ አለቅነት መደበኛውን ጦር ገቡ። ሰውየው ኋላ የብዙ ሺህ ወታደር አዛዥ ቢሆኑም መነሻቸው እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ነበር ማለት ነው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ጦር አነስተኛ ስለ ነበረ ሹመት በዝግታ ይመጣ ነበር። ዲንም ሃያ ዓመት ያህል ከአንዱ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወሩ፣ በከፍተኛ የጦር ትምህርት ቤቶች ሲማሩ፣ በመጨረሻም ዋሽንግተን ውስጥ በጦር ሚኒስቴር ሲሠሩ ቈዩ። በ1942 ብርጋዴር ጄኔራል፣ በ1943 ሜጀር ጄኔራል ሆኑ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ግን ጦር ሜዳ አልዋሉም ነበር።

ወደ ጦር ሜዳው ከመሄዳችን በፊት ክፍለ ጦር ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። እግረኛ ክፍለ ጦር ማለት ለብቻው መዋጋት እንዲችል ተደርጎ የተደራጀ ታላቅ የጦር አካል ነው። እግረኛው ብቻ ሳይሆን መድፈኛው፣ መሐንዲሱ፣ የመገናኛና የሕክምና ክፍሉ ሁሉ ከአንድ አዛዥ ሥር ይሆናሉ። በዚያ ዘመን በነበረው የአሜሪካ አደረጃጀት አንድ ክፍለ ጦር ሦስት ሬጅመንት ሲኖረው፣ እያንዳንዱም ሬጅመንት ሦስት ሻለቃ ጦር ነበረው፤ ለጦርነት በሙሉ ኃይሉ ሲዘጋጅ ቍጥሩ ወደ 18,900 ሰው ይደርሳል። እንግዲህ ይህን የሚያህል ጦር በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቶ ሲዋጋ አዛዡ በዐይኑ የሚያየው እጅግ ጥቂቱን ነው። የቀረውን የሚያውቀው በስልክ፣ በሬዲዮና በመልእክተኛ ነው። ስልኩ ሲቈረጥና ሬዲዮው ዝም ሲል ጦሩ እየተዋጋ እንኳ ከአዛዡ እጅ ይወጣል። የዲን ዕድል የተወሰነው በዚህ ነገር ስለ ሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

በ1944 ዲን የ44ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ምክትል አዛዥ ሆነው ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ፤ በዲሴምበር ወርም አዛዥነቱን ተረከቡ። በዚያው ወር በፊተኛው መስመር ባሳዩት ጀግንነት በአሜሪካ ጦር በማዕረግ ሁለተኛ የሆነውን የጀግንነት መስቀል ተሸለሙ። በጃንዋሪ 1945 ጀርመኖች በምሥራቅ ፈረንሳይ በኩል የመጨረሻውን ታላቅ ማጥቃት ሲያደርጉ ክፍለ ጦራቸው ተቋቁሟል። በማርች ወር የራይንን ወንዝ ተሻገረ፤ ማንሃይምን በመያዝ ተካፈለ፤ ከዚያም እስከ ኦስትሪያ ተራሮች ዘለቀ። የጀርመን ሮኬቶችን የሠሩት ቨርነር ፎን ብራውንና ባልደረቦቻቸው በሜይ 2 ቀን 1945 እጃቸውን የሰጡት ለዚሁ ክፍለ ጦር ወታደሮች ነው። በዚህ ዘመቻ ዲን የመሩት ጦር የሠለጠነ፣ የታጠቀና ድል ወደ እርሱ ያዘነበለ ጦር ነበር። ከፊት ሆኖ ማዋጋት የሚያስከብርበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በኦክቶበር 1947፣ የደቡብ ኮርያ ወታደራዊ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ኮርያ ከጃፓን ቅኝ አገዛዝ ነጻ ስትወጣ በ38ኛው መስመር ላይ ተከፍላ ሰሜኑ በሶቪየት፣ ደቡቡ በአሜሪካ ጦር ተይዞ ነበር። በሜይ 1948 በደቡብ የተደረገው ምርጫ የተከናወነው በዲን አስተዳደር ነው፤ በኦገስት 15 ቀን የኮርያ ሪፐብሊክ ታወጀ። ነገር ግን ይህ ዘመን ንጹሕ አልነበረም። በኤፕሪል 1948 ጄጁ በምትባለው ደሴት ዐመፅ ተነሣ፤ ዐመፁን በኃይል ለማፈን የተጀመረው ሥራ ኋላ በሪፐብሊኩ ዘመን ወደ ታላቅ እልቂት ተለውጦ ብዙ ሺህ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ስለ ዲን ጀግንነት የሚጽፍ ሁሉ ይህን ገጽ ዘልሎ ሊያልፍ አይገባውም። ከዚህ በኋላ ዲን ለጥቂት ጊዜ የ7ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው ጦሩን ወደ ጃፓን ወሰዱ፤ በኦክቶበር 1949 ደግሞ ኪዩሹ በምትባለው የጃፓን ደሴት የሰፈረውን 24ኛውን ክፍለ ጦር ተረከቡ።

ይህ ክፍለ ጦር በስሙ ክፍለ ጦር ይባል እንጂ እንደ 44ኛው አልነበረም። የተሸነፈችውን ጃፓን ለመጠበቅ የተቀመጠ የሰላም ጊዜ ጦር ነበር። ሬጅመንቶቹ በሦስት ፈንታ ሁለት ሻለቃ ጦር ብቻ ነበራቸው፤ ጠቅላላው ቍጥርም 12,000 ያህል ነበር። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ውጊያ አይተው የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ፤ መሣሪያውም ከዓለም ጦርነት የተረፈ ነበር። በዋሽንግተን የጦሩ በጀት ሲቀነስ የሚያስከትለው ዕዳ ማን ላይ እንደሚወድቅ ያሰበ አልነበረም፤ የወደቀው በእነዚህ ልጆች ላይ ነው።

በጁን 25 ቀን 1950 የሰሜን ኮርያ ጦር መስመሩን ጥሶ ወደ ደቡብ ገባ። ፕሬዚዳንት ትሩማን የእግረኛ ጦር እንዲላክ ሲፈቅዱ፣ ለኮርያ ቅርብ የነበረው 24ኛው ስለ ሆነ መጀመሪያ እንዲሄድ የታዘዘው እርሱ ነው። ዲንም የመንግሥት ገዥ ሆነው ያስተዳደሯትን አገር በጦር አዛዥነት ለመከላከል በጁላይ 3 ቀን ቴጆን ከተማ ደረሱ።

ጦሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጓዝበት አውሮፕላንም መርከብም ስላልነበረ ቀድሞ የተላከው በሌተና ኮሎኔል ስሚዝ የሚመራ 540 ያህል ሰው ነበር። በጁላይ 5 ቀን ከኦሳን ከተማ በስተ ሰሜን በዝናብ ውስጥ ቈመው ሳለ 33 ታንኮች መጡባቸው። ባዙካ የሚባለውን፣ በትከሻ ላይ ተደርጎ የሚተኰሰውን ፀረ ታንክ መሣሪያ ከቅርብ ቢተኵሱም የያዙት ባለ 2.36 ኢንች አሮጌ ባዙካ ስለ ነበረ የታንኩን ብረት ሊበሳው አልቻለም። ታንክ የሚበሳ የመድፍ ጥይት ደግሞ በጠቅላላው የነበራቸው ስድስት ብቻ ነበር። ታንኮቹ መስመሩን አልፈው ሄዱ፤ ከኋላ የመጣው እግረኛም ከበባቸው። ከ540ው ሰው ከ150 በላይ ሞተ፣ ቈሰለ፣ ወይም ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ማፈግፈግ ነው። በጁላይ 8 ቀን ቾናን በምትባል ከተማ የ34ኛው ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ማርቲን ባዙካ አንሥተው ከታንክ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥሙ ተገደሉ። ማርቲን አዛዥነቱን ከያዙ ገና አንድ ቀን ያህል ነበር፤ ያመጧቸውም በ44ኛው ክፍለ ጦር ጊዜ የሚያውቋቸው ዲን ራሳቸው ናቸው። በጁላይ 14 እና 16 ቀን መካከል የኩም ወንዝ መከላከያ ተሰበረ። ከወንዙ በስተ ደቡብ ያለችው ታላቅ ከተማ ቴጆን ናት።

በጁላይ 18 ቀን የ8ኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ዎከር ወደ ቴጆን መጥተው ከዲን ጋር ተነጋገሩ። 1ኛው ፈረሰኛ የተባለው ክፍለ ጦር በዚያው ቀን በምሥራቅ ጠረፍ መውረድ ጀምሮ ስለ ነበረ፣ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ከተማይቱ እስከ ጁላይ 20 እንድትጠበቅ ዎከር ፈለጉ። ስለዚህ የቴጆን ውጊያ ዓላማ ጊዜ መግዛት ነበር፤ ዋጋው የሚከፈለው በሰው ነው። ዲን የክፍለ ጦሩን መምሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ዮንግዶንግ ልከው እርሳቸው ከ34ኛው ሬጅመንት ጋር ከተማው ውስጥ ቀሩ።

በጁላይ 20 ቀን ጧት የጠላት ታንኮች ከተማው ውስጥ ገቡ። አዲሱ ባለ 3.5 ኢንች ባዙካ በጥቂት ቀን ቀድሞ በአውሮፕላን ደርሶ ነበር። ሜጀር ጄኔራሉ ጥቂት ወታደሮች አስከትለው በየመንገዱ ታንክ ማደን ጀመሩ፤ ከሰዓት በኋላም አንዱን ታንክ ከአንድ ቤት ፎቅ ላይ ሆነው አስመትተው አቃጠሉት። የጠላት እግረኛ ግን በዚያው ሰዓት ከተማውን በጎን ዞሮ ከበስተኋላ ያሉትን መንገዶች እየዘጋ ነበር። የመገናኛው መሥመር ስለ ተበላሸና የቃኚዎቹ ወሬ በጊዜው ስላልደረሰ ዲን ይህን አላወቁም። ማምሻውን መኪናዎቹ ተሰልፈው ሲወጡ ከተማይቱ ስትቃጠል መንገዱ በጥይት ተዘግቶ ጠበቃቸው። በዚያ ውጊያ ከተሰለፉት 4,000 ያህል ወታደሮች 1,150 ያህሉ ሞቱ፣ ቈሰሉ፣ ወይም ጠፉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት የጠፉት ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ሒሳብ አለ። የመጀመሪያው የአንድ ሰው የጀግንነት ሒሳብ ነው። የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ጄኔራል ታንክ ለማደን መውጣቱ ለሚሸሽ ጦር ምሳሌ ነው፤ ድፍረቱን ማንም አይክድም። ሁለተኛው የአዛዥነት ሒሳብ ነው። አንድ ታንክ ማቃጠል የአንድ ጓድ ሥራ ነው፤ ከኋላ የሚዘጋውን መንገድ ማወቅና ማስከፈት ግን የክፍለ ጦር አዛዥ ሥራ ነው፤ በእርሱ ቦታም ሌላ የሚሠራው የለም። ዲን በ1954 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ይህን ራሳቸው አምነዋል። ለውጊያው እጅግ ከመቅረባቸው የተነሣ መከበቡን እንዳላዩት ጽፈዋል። በአዛዥነታቸው ለሠሩትም ሥራ ሽልማት እንደማይገባቸው ገልጸዋል።

የሆነ ሆኖ ሦስተኛውን ነገር ካልጨመርን ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። የተፈለገው ጊዜ ተገዝቷል። 1ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር በጁላይ 22 ቀን የ24ኛውን ቦታ ተረከበ። 24ኛው በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል አፈግፍጎ ከሰውና ከመሣሪያው ብዙውን ቢያጣም፣ ሌላው ጦር በፑሳን ወደብ ዙሪያ መስመር ለመያዝ ዕድል አገኘ። ያ መስመር እስከ ሴፕቴምበር ስላልተሰበረ በኢንቾን በኩል በባሕር የተደረገው ማጥቃት ተቻለ። ያልተዘጋጀ ጦር ልኮ ጊዜ ግዛ ማለት የላኪው ጥፋት ነው፤ የታዘዘው ግን እንደ ምንም ገዝቶታል።

ዲን ከቴጆን ሲወጡ መኪናቸው መንገድ ስቶ ከዋናው ሰልፍ ተለየ። በሌሊት በእግር ተራራ ላይ ሲሄዱ ለቈሰለ ወታደር ውሃ ለመቅዳት ወደ ገደሉ ወረዱ፤ በጨለማ ተንከባለው ራሳቸውን ሳቱ፤ ሲነቁ ትከሻቸው ተሰብሮ፣ ራሳቸው ተፈንክቶ ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ በተራራ ተንከራተቱ። ክብደታቸው ከ86 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ ገደማ ወረደ። በኦገስት 25 ቀን መንገድ እንመራዎታለን ያሏቸው ሁለት ሰዎች አሳልፈው ሰጧቸው፤ ለውለታቸው የተከፈላቸውም አምስት ዶላር የሚያህል ገንዘብ ብቻ ነበር ይባላል። በዚህ ሁኔታ ዲን በዚያ ጦርነት ከተባበሩት መንግሥታት ወገን የተማረኩ ከሁሉ የሚበልጥ ማዕረግ ያላቸው ሰው ሆኑ።

በምርኮ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ የሚበዛውንም ጊዜ ለብቻቸው ነበሩ። ያለ እንቅልፍ ለብዙ ሰዓት ተመርምረዋል። በሥቃይ ብዛት ምስጢር እንዳያወጡ ስለ ፈሩ አንድ ጊዜ የዘበኛውን መሣሪያ ነጥቀው ራሳቸውን ሊገድሉ ሞክረዋል፤ መሣሪያው አልተኰሰላቸውም። ከዚያ ወዲያ የነበረው ትግል ከታንክ ጋር አልነበረም፤ ከዝምታና ከሥራ መፍታት ጋር ነበር። ከዘበኞቻቸው የኮርያን ሰንጠረዥ ተጫወቱ። ዝንብ እየገደሉ ቍጥሩን መዘገቡ፤ ከ40,000 በላይ ደረሰ። ይህ ነገር ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራ የሌለው አእምሮ እንዳይፈርስ ሥራ የፈጠረ ሰው ታሪክ ነው። እስከ ዲሴምበር 1951 ድረስ በሕይወት መኖራቸውን ዓለም በእርግጥ አያውቅም ነበር። በዚያ ወር ዊልፍሬድ በርቼት የተባለ አውስትራሊያዊ ጋዜጠኛ አግኝቶ አነጋገራቸው፤ ስማቸውም ለድርድሩ በቀረበው የምርኮኞች ዝርዝር ላይ ወጣ።

እርሳቸው በእስር ሳሉ በጃንዋሪ 1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን የአሜሪካን ከሁሉ የሚበልጥ የጀግንነት ሜዳሊያ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሚልድረድ አስረክበው ነበር። ዲን በሴፕቴምበር 4 ቀን 1953 ፓንሙንጆም ላይ ሲለቀቁ እንደ ጀግና መቈጠራቸውን ሰምተው ተደነቁ። ከዚያ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የ6ኛው ጦር ምክትል አዛዥ ሆነው ሠርተው በኦክቶበር 1955 ጡረታ ወጡ፤ በኦገስት 24 ቀን 1981 በ82 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በሜይ 1951 ኮርያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ የተመደበው ዲን ቀድሞ ባዘዙት በ7ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ነው። ከወታደሮቻችን ከ120 በላይ ሲሞቱ ከ530 በላይ ቈስለዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ይህ የሚያኰራ ታሪክ ነው። ኵራቱ ግን የተማረከውን ሁሉ እንድንንቅ ሊያደርገን አይገባም። በ1936 በሽሬ ግንባር ያዋጉት ራስ እምሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ለኢጣልያኖች እጃቸውን ሰጡ፤ እስከ 1943ም በኢጣልያ ታስረው ቈዩ። ለዚህ ሲባል የትናንት ውጊያቸው ከንቱ ነው የሚል ማን ነው?

እንግዲህ ከመነሻችን ላለው ጥያቄ በበኩሌ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ዲን ቴጆን ላይ ጀግና ነበሩ፤ በአዛዥነታቸው ግን ጦሩ ከእጃቸው ወጥቷል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሜዳሊያው የተሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን የጻፉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሹማምንት ሲሾሙና ሲሸለሙ እንጂ ሲሳሳቱ መጻፍ ባልተለመደበት አገር፣ አንድ ጄኔራል ሜዳሊያውን በደረቱ አድርጎ ሳለ ጥፋቱን በእጁ መጻፉ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገ ከኛ መካከል ቢሮም ሆነ ትምህርት ቤት፣ አውራጃም ሆነ ክፍለ ጦር የሚሰጠው ሰው ይኖራል። ያ ሰው ባዙካውን ከማንሣቱ አስቀድሞ ከኋላው ያለው መንገድ ክፍት መሆኑን ይጠይቅ።